ላሟ ለምን አልያዘችም?

ስለ ላም እንቁላል መብሰልና በውስጧ ስለሚጠራቀመው ስብ፤ በፍኖተ ሰላም አጠገብ በሚገኝ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር።



ዛሬ የምነግራችሁ በዓይን ስለማትታይ አንዲት ነገር ነው። እርስዋም የላም እንቁላል ናት። «እንቁላል የዶሮ እንጂ ላም ምን እንቁላል አላት?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም በገበሬ ቤት ተወልጄ ሳድግ፣ እርሻ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ፣ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ጥጃ ሁሉ፣ ወይፈኑም ጊደሯም፣ ነገ የምታርሱበት በሬም ጭምር የሚጀምረው ከዚች እንቁላል ነው። እርስዋ ሳትበስል ከቀረች ወይም ተበላሽታ ከበሰለች፣ ኮርማው ቢበረታ፣ አዳቃዩም ቢሠለጥን፣ ድካሙ ከንቱ ነው።

ወደዚህ ነገር የመራኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን እነግራችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬ ዙሪያ በአንድ ቀበሌ ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ። አንዲት ዲቃላ ላም ነበረቻቸው፤ ስትወልድ በቀን ዘጠኝ ሊትር ያህል ትታለባለች። የልጆቻቸው ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚያ ወተት ነበር። ላሟ በታኅሣሥ ወለደች። በመጋቢት ኮርማ ፈለገችና በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቀለች፤ በሃያ አንድ ቀኗ ተመልሳ ፈለገች። ደግመን አዳቀልናት፤ ደግማ ተመለሰች። ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። እኔም «አዳቃዩ ሰዓት አሳልፎ ይሆናል፤ ወይም አባለ ዘሩ በመንገድ ሞቆ ይሆናል» አልሁ። በረቱን አየሁ፤ ላሟንም አየሁ። ጎድኗ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆኖ እየታየኝ፣ «ምን ትበላለች?» ብዬ አልጠየቅሁም። ትበላ የነበረው የበቆሎ አገዳና የጤፍ ጭድ ብቻ ነበር። በግንቦት እናቲቱ ተስፋ ቆርጠው ላሟን በቡሬ ገበያ በሥጋ ዋጋ ሸጧት።

የገዛት የፍኖተ ሰላም ሰው ለገና አደልባታለሁ ብሎ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የጠላ አተላ ይሰጣት ጀመር። በነሐሴ አጋማሽ ሳያስበው የጎረቤት ኮርማ አጠቃት። በኅዳር ሐኪም ሲመረምራት የሦስት ወር እርጉዝ ሆና ተገኘች፤ በግንቦትም ጊደር ወለደች። የቀድሞዋ ባለቤት ይህን ሰምተው ኖሮ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ላሜ መሃን አልነበረችማ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቴን እንደገና መግለጥ ግድ ሆነብኝ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው እነግራችኋለሁ።

ጊደር ስትወለድ ጀምሮ ዕድሜዋን ሙሉ የምታወጣቸው እንቁላሎች ዘር በሆድዋ ውስጥ አለ። ከማኅፀኗ ግራና ቀኝ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ባቄላ የሚመስሉ ሁለት ዕጢዎች አሉ፤ ሐኪሞች ኦቫሪ ይሏቸዋል። በነዚህ ውስጥ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ጥቃቅን እንቁላሎች ተኝተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ ሳይበስሉ ይጠፋሉ፤ ጥጃ ለመሆን የሚበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዲት እንቁላል አድጋ ስትጨርስ ስፋቷ የአንድ ሚሊሜትር ስምንተኛ እጅ ያህል ነው። የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ ስምንት ያህል የላም እንቁላሎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

እንቁላሏ የምታድገው ፎሊክል በሚባል ውኃ በያዘ ከረጢት ውስጥ ነው። ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ሞግዚት የሚከቧት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ከላሟ ደም የመጣውን ምግብ ተቀብለው የሚያጎርሷት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የእንቁላሏ መብሰል ሁለት ጊዜ አለው። አንደኛው ረጅሙ ነው፤ ከእንቅልፏ ነቅታ እስክትወጣ ድረስ ያለው የመጨረሻው የዕድገት ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል። ሁለተኛው አጭሩ ነው፤ ላሟ ኮርማ መፈለግ ከጀመረችበት ሰዓት አንሥቶ እንቁላሏ ከከረጢቱ እስክትወጣ ድረስ ያለው አንድ ቀን ገደማ ነው። በዚያች ቀን እንቁላሏ የዘር ድርሻዋን ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን አስወግዳ፣ የኮርማውን ዘር ለመቀበል ትዘጋጃለች። እኛ የምናየው አጭሩን ብቻ ነው። የምንሳሳተውም ስለዚሁ ነው።

እርሻ ኮሌጅ ሳለሁ ከቄራ በፔርሙዝ ከመጣ ኦቫሪ ላይ በመርፌ የተቀዳች እንቁላል በማይክሮስኮፕ አሳይተውናል። እኔ እንደ ብርጭቆ የጠራች ነገር አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ጥላሸት የተበተነባት የመሰለች ክብ ነገር ነበር። ቆሻሻ ገብቶባት ነው ብዬ መስተዋቱን ልጠርግ ስል መምህሩ ሳቁና «ተወው፤ ስቧ ነው» አሉኝ። የላም እንቁላል በተፈጥሮዋ ስብ የበዛባት ናት። የአሳማ እንቁላል ከእርስዋም ትብሳለች፤ የአይጥ ግን ጥቂት ስላላት ጠርታ ትታያለች።

ይህ ስብ ለምን አስፈለገ? ስንቅ ነው። እንቁላሏ የኮርማውን ዘር ተቀብላ ፅንስ ከሆነች በኋላ ወዲያው ከማኅፀን ጋር አትጣበቅም። አራት ቀን ያህል በቀጭኑ የእንቁላል መንገድ ትጓዛለች፤ ከዚያም ማኅፀን ገብታ ብዙ ቀን እየተንሳፈፈች ትቆያለች። የእናቲቱን ደም በእትብት አታገኝም። በዙሪያዋ ካለው ፈሳሽ ከምትቀስመው በቀር የምትበላው ይዛ የተነሣችውን ነው። በእንቁላሏ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ እንደ ጥቃቅን ምድጃ ያሉ ነገሮች አሉ፤ ስቡን እያነደዱ ለመከፋፈልና ለማደግ የሚያስፈልገውን ኃይል ይሰጣሉ። ስለዚህ ስብ በራሱ የእንቁላል ጠላት አይደለም። እንዲያውም የገረጣችና ስንቋ ያነሰ እንቁላል ብዙ ጊዜ ከመንገድ ትቀራለች። ጉዳቱ የሚመጣው ስቡ ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም ዓይነቱ ክፉ ሲሆን፣ ወይም በቦታው ሳይቀመጥ ሲቀር ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ከላም ሆድ ውጭ በብርጭቆ ዕቃ በተጸነሰ ፅንስ የመጀመሪያው ጥጃ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ከተወለደ ወዲህ፣ ሊቃውንት የላም እንቁላልን ከቄራ እያመጡ በላቦራቶሪ ማብሰል ተምረዋል። ዕቃውን በላሟ ሰውነት ሙቀት ልክ፣ በ38 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ለአንድ ቀን ያህል ያቆዩታል። በዚያ ጊዜ እንቁላሏ የተቀመጠችበትን ፈሳሽ ሲለዋውጡ የስቧም መጠን ሲለዋወጥ አዩ። ከጥጃ ደም የተጣራ ውኃ በብዛት በተጨመረበት ፈሳሽ ያደጉት ፅንሶች ስብ አጠራቅመው ጠቆሩ፤ በናይትሮጂን አቀዝቅዘው ለማቆየት ሲሞክሩም ብዙዎቹ ሞቱባቸው። የደም ውኃ ባልገባበት ፈሳሽ ያደጉት ግን ስባቸው አነስ ብሎ ቅዝቃዜውን በተሻለ ቻሉ። ላሞቹ አንድ ዓይነት፣ ቄራውም አንድ ዓይነት ሳለ፣ ልዩነቱን ያመጣው እንቁላሏ የተቀመጠችበት ፈሳሽ ነው።

«እኛ ብርጭቆ የለን፤ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። የላም ፎሊክልም እኮ ብርጭቆ ነው፤ ፈሳሹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ በምታበሏት።

በቤልጂክ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ብዙ ወተት የሚሰጡ ላሞች ከወለዱ በኋላ የሚበሉት ለሚታለቡት ወተት አይበቃቸውም። ስለዚህ የገዛ ገላቸውን ስብ ያቀልጣሉ። የቀለጠው ስብ በደማቸው ይፈስሳል፤ ከደም አልፎ እንቁላሏ ወደ ተቀመጠችበት የፎሊክል ውኃ ይገባል። ሊቃውንቱ በዚያ ውኃ ያገኙትን ልክ ያህል ስብ፣ በተለይም ፓልሚቲክና ስቴሪክ የሚባሉትን የረጉ ስቦች፣ በብርጭቆ በሚበስሉ እንቁላሎች ላይ ጨመሩ። ዘር የተቀበሉት እንቁላሎች ቁጥር አነሰ፤ ተከፋፍለው ለሰባትና ለስምንት ቀን ፅንስነት የበቁትም አነሱ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 በሆላንድ የዩትሬክት ሰዎች ኦሌይክ የሚባለው ለስላሳ ስብ አብሮ ሲገባ እንቁላሏ ክፉውን ስብ በነጠብጣብ መልክ ጠቅልላ እንደምታስቀምጠውና ጉዳቱም እንደሚቀርላት አሳዩ። እህል ጎተራ ሲገባ ሀብት ነው፤ አውድማ ላይ ተዘርግቶ ዝናብ ሲመታው ግን ይበሰብሳል። የእንቁላልም ስብ እንደዚሁ ነው።

አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እነግራችኋለሁ። የከሳች ላም እንቁላል የምትጎዳው በስብ ነው! ላሟ በውጭ አጥንቷ ወጥቶ እናያታለን፤ በውስጧ ግን እንቁላሏ በቀለጠ ስብ ተነክራለች። የዚያች እናት ላም እንደዚህ ነበረች። ዘጠኝ ሊትር ስትታለብ ወተቱ የወጣው ከበቆሎ አገዳው አልነበረም፤ ከጀርባዋ ነበር።

በዚህ ላይ ጃክ ብሪት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ሐሳብ አቅርቧል። እንቁላሏ ለማደግ ሁለትና ሦስት ወር የሚፈጅባት ከሆነ፣ ዛሬ የምትወጣው እንቁላል የያዘችው የዛሬውን ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ረኀብ ነው አለ። በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። እንግዲህ ሒሳቡን ከእኔ ጋር አስቡት። በመጋቢት የወጣችው እንቁላል ያደገችው ላሟ ወልዳ እንደ ቅቤ በምትቀልጥበት በጥር ነው። በነሐሴ የወጣችው ደግሞ በገዢው ቤት ፉርሽካና ድርቆሽ በምትበላበት በግንቦትና በሰኔ ያደገች ናት። ላሟ አንዲት ናት፤ እንቁላሎቹ ግን ተለያዩ። እኔ በመጋቢት አዳቃዩን ስወቅስ፣ ጥፋቱ በጥር ተፈጽሞ አልቆ ነበር።

ሳላስገነዝባችሁ ማለፍ የማይገባኝ ነገር አለ። የጌንት ምርመራ የተደረገው ከእኛ ላሞች እጅግ የበለጠ ወተት ስለሚሰጡ የፈረንጅ ላሞች ነው። በከተማና በከተማ ዙሪያ ያሉት የእኛ ዲቃላዎች ለእነርሱ ይቀርባሉ፤ ወተታቸው ከፈረንጅ፣ ምግባቸው ግን ከአገዳ ስለሆነ። የአገራችን ላም ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ደጋ ያለችው ትንሿ ላም፣ ወይም በጣና ዙሪያ ያለችው ፎገራ፣ ስትራብ ወተቷን ታነጥፋለች፤ ኦቫሪዋንም ታስተኛለች። ኮርማ አትፈልግም፤ ጥጃዋም እየጠባ ከሆነ መዘግየቱ ይብሳል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም እኔ ይህን እንደ ጥበብ እቆጥረዋለሁ፤ የማታሳድገውን ጥጃ አትጀምርም። ዲቃላዋ ይህ ጥበብ የላትም። እየከሳች ትታለባለች፤ እየከሳችም ኮርማ ትፈልጋለች፤ እንቁላሏ ግን ተበላሽታለች። ስለዚህ «ኮርማ አልፈለገችም» የሚለው ቤትና «ፈልጋ አልያዘችም» የሚለው ቤት ችግራቸው ሁለት ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ግርግም ነው። ብዙ ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አላልሁም፤ የማኅፀን በሽታ፣ ውርጃ የሚያመጣ በሽታና የኮርማ ድካም አሉና ሦስት ጊዜ የተመለሰችን ላም ሐኪም ይያት።

ለልማት ሠራተኞች አንድ ቃል ልጨምር። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ላሞችን በሆርሞን መርፌ በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በዘመቻ ማዳቀል ተስፋፍቷል። ሥራው መልካም ነው፤ አዳቃዩ በየቤቱ መሮጥ ይቀርለታል። ነገር ግን መርፌው የሚያዝዘው ሰዓቱን ነው። የተበላሸችን እንቁላል አያድስም። ላሞች ሲመረጡ የወረቀቱን ቁጥር ለመሙላት ብላችሁ አጥንቷ የወጣችውን አትመዝግቡ። ገበሬው አንድ ጊዜ ተጠርቶ ላሙ ካልያዘች፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ አይመጣም። ከዚህ በፊት የተዳቀለችበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የወለደችበትን ወርና ከዚያ ወዲህ የበላችውን ጠይቃችሁ ጻፉ። እኔ አልጻፍሁም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ወሩን መምረጥ ነው። ላም ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ያህል ታረግዛለች። በሰኔ አጋማሽ የተጠቃች ላም በመጋቢት ሃያ ገደማ ትወልዳለች። መጋቢት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው ነጭ፣ ክምሩ ያለቀ፣ ወንዙ የጎደለ ነው። ሁዳዴም ስለሆነ ወተቱ የሚገዛው ያጣል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ የተጠቃች ላም ግን ከሰኔ ማለቂያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ባለው ትወልዳለች። ለምለም ሳር ላይ ትታለባለች፤ ወተቷም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በጥቅምት የምትወጣዋ እንቁላል ያደገችው በሐምሌና በነሐሴ፣ ላሟ ሆዷ ሞልቶ በምትውልበት ወር መሆኑ ነው። እርግጥ የክረምት ጥጃ ጭቃና ብርድ አለበት፤ ደረቅ መኝታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከመጋቢት ረኀብ ግን የክረምት ጭቃ ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛው ላሟን በእጅ መዳሰስ ነው። በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ፀጉር ያታልላል። መዳፋችሁን በጎድኗ ላይ አሳርፉ። አጥንቱ ሳትጫኑ እንደ መሰላል የሚቆጠር ከሆነ ከስታለች። ጫን ስትሉ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደኅና ናት። ጫን ብላችሁም የማታገኙት ከሆነ፣ በጅራቷም ሥር ስብ ተቋጥሮ ከሆነ፣ ወፍራለች። ለመውለድ ስትቃረብ መሆን የሚገባት መካከለኛዋ ናት። ከወለደችም በኋላ በየሳምንቱ ዳስሷት፤ በፍጥነት እየቀለጠች ከሄደች ሳይውል ሳያድር ምግብ ጨምሩላት።

«ወፍራም ብትሆን ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። ከተማ ውስጥ አተላ እንደ ልብ የሚያገኙ ሰዎች በነጠፈችበት ወራት ያለ ልክ የሚያወፍሯት ላም አለች። እርስዋ ስትወልድ ምግብ ትጠላለች፤ ከከሳችውም ይልቅ ብዙ ስብ የምታቀልጠው እርስዋ ናት። ጉበቷም በስብ ይመታል። ስለዚህ ከልክ በላይ መመገብም በእንቁላሏ ላይ ያው መርዝ ነው።

ምግቡ ከምን ይምጣ? ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ጀምሮ ከወለደች በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ፣ በጠቅላላው አምስት ወር፣ ከተለመደው ገለባ በላይ ጥሩ ድርቆሽ በቀን ሁለት ኪሎ ለብቻዋ ይሰጣት። ሁለት ኪሎ በመቶ ኀምሳ ቀን ሲባዛ ሦስት ኩንታል ይሆናል። ይህ ለአገራችን ላም ነው። ለዲቃላዋ ግን አይበቃም፤ ለየሁለት ሊትሩ ወተት አንድ ኪሎ ያህል የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቅልቅል ያስፈልጋታል። ከሦስት እጅ ሁለቱ ፉርሽካ፣ አንዱ ፋጉሎ ቢሆን መልካም ነው። ጨው አይርሳ። በየአጥሩና በየእርከኑ የተተከለ ሰስባኒያና ደሾም በዚህ ጊዜ ይጠቅማል።

ፋጉሎ መግዛት ለማይችል ሰው ገለባውን በዩሪያ ማከም ትልቅ እርዳታ ነው። አምስት ኪሎ ዩሪያ በመቶ ሊትር ውኃ አሟሙቶ መቶ ኪሎ ገለባ ላይ እኩል እየረጩ መጠቅጠቅ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍኖ ሃያ አንድ ቀን መክደን ነው። ከተከፈተ በኋላ ሽታው እንዲወጣ ጥቂት ተናፍሶ ይሰጣል። ነገር ግን ዩሪያ ያለ ልክ ከተወሰደ ይገድላል። የተሟሟውን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው፣ ከረጢቱንም እንዳይልሰው ተጠንቀቁ፤ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ጥጃም የታከመ ገለባ አትስጡ።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ በሌላ ቀበሌ ስናገር አንድ ወጣት «ለስላሳው ስብ ለእንቁላሏ የሚጠቅም ከሆነ፣ የኑግ ዘይት ላጠጣት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የብልህ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ላም አመንዣኪ ናት። በትልቁ ሆድዋ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ለስላሳውን ዘይት አብዛኛውን ወደ ረጋ ስብ ይለውጡታል፤ ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ ራሳቸው ሕዋሳቱ ይታመሙና ገለባውን መፍጨት ይተዋሉ። ዘይቱን ለወጣችሁ ተዉት፤ ለላሟ ፋጉሎው ይበቃታል።

ሰዓቱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ እንቁላሏ ደኅና ሆና ሰዓት ያለፈባት ላምም ብዙ ናትና። የአገራችን ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዐሥር ሰዓት ቢሆን ነው፤ አንዳንዴም በሌሊት ጀምሮ ያልፋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በረቱን ተመልከቱ። ሌላ ከብት ሲወጣባት ጸጥ ብላ የምትቆመዋ እርስዋ ናት። ጧት የታየች ማታውኑ፣ ማታ የታየች በነጋታው ጧት ትዳቀል። ወደ ዓባይ በረሃ ቀረብ ብላችሁ ያላችሁ ደግሞ የቀትር ጥላ አዘጋጁላት፤ ብርቱ ሙቀት በማደግ ላይ ያለችውን እንቁላል ይጎዳል።

በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ የሚጠየቀውን ጥያቄ ልመልስ። ከብር ወንዝ ማዶ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ድርቆሹ በግንቦት ሲያልቅ በሬዬ ሞፈር ሊሸከም ነው። ለላም ሰጥቼ በምን ላርስ?» አሉኝ። አባቴም ቢሆኑ ይህንኑ ይሉኝ ነበር። ለበሬ ቅድሚያ መስጠት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ያላረሰ ሰው አይበላምና እኔ ከበሬው አፍ ነጥቃችሁ ስጡ አልላችሁም። በግንቦት ለሁለት የማይበቃን ክምር ማካፈል ሁለቱንም ማስራብ ነው። ጉዳዩ የሚቆረጠው በጥቅምት ነው። በአካባቢያችን ሳር የሚታጨደው ዘግይቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ፍሬው ረግፎ አገዳ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያጨድነው ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይጠግንም። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሳሩ ግማሹ ሲያብብ፣ ለላሟ የሚሆነውን ሦስት ኩንታል አስቀድማችሁ እጨዱ። ሁለት ሦስት ቀን አገላብጣችሁ አድርቁት፤ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ከሌላው ክምር ለይታችሁ በጣሪያ ሥር ከምሩት። ዙሪያውንም በእሾህ እጠሩት፤ በሬውም እንዳይደርስበት፣ እናንተም በሚያዝያ ስትጨነቁ እጃችሁን እንዳትሰዱበት።